አሰንዳቦ ላይ የወረደው ልቤ

በሽታ ሰው አይገድልም፤ ሰው የሚገድለው ምርጫ ነው! «ኧረ በፈጣሪ!» ለማለት አትቸኩሉ፤ ልንገራችሁና ከዚያ ትፈርዳላችሁ።

የድሮ ሐኪም እንዴት ያለ ደግ ሰው ነበር መሰላችሁ። ከበር ስትገቡ የዓይናችሁን ቆብ ገልጦ ያያል፣ መርፌውን ይወጋል፣ «በል ሂድ» ይላል። ከዳናችሁ ያዳናችሁ እሱ፣ ካልዳናችሁም የገደላችሁ እሱ። እናንተ በነገሩ የላችሁበትም! የዛሬ ሐኪም ግን ጨዋ ነው። ወንበር ስቦ ያስቀምጣችኋል፣ ሥዕል ያሳያችኋል፣ መነጽሩን ያወልቅና «እንግዲህ ምርጫው የእርስዎ ነው» ይላችኋል። ምርጫው የእኔ ከሆነ፣ መታመሙንስ መቼ መረጥኩና!

ነገሩ የጀመረው ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ነው። እዚሁ ጅማ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አንድ ቀን የዓለም ካርታ ተሸክሜ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ስወጣ፣ ደረቴ ውስጥ እግሯን የታሰረች ዶሮ ያለች ይመስል አንድ ነገር ይንፈራገጥ ጀመር። ሲፈልግ ይሮጣል፣ ሲፈልግ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይደነብራል። ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ የግራ እጄን ይዛ ሰዓቷን አየች። የቀኝ እጄን ያዘች። ከዚያ ጓደኛዋን ጠራች። ሁለቱም እጅ እጄን ይዘው ሲተያዩ ዶክተሩ መጡና አዳመጡኝ።

«ጋሽ ተማም፣ የልብዎ ምት ሥርዓት የለውም» አሉኝ።

ተቀየምኩ! እውነቴን ነው። ይህን ያህል ዘመን የሰው ልጅ «ሥርዓት ያዝ!» እያልኩ ሳስተካክል ኖሬ፣ የገዛ ልቤ ሥርዓት የለውም መባሌ… ወላጅ አምጣ የሚባል ቢሆን ኖሮ አባቴን ከመቃብር ይቀሰቅሱልኝ ነበር።

መድኃኒት ተሰጠኝ። ለጥቂት ወራት ልቤ ፈተና እንደደረሰበት ተማሪ ጭምት ሆነ፤ ከዚያ ወደ ጠባዩ ተመለሰ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወደሚገኙ አንድ የልብ ሐኪም ተላክሁና ከባለቤቴ ከሉባባ ጋር ሄድን። ዶክተሩ ልጅ እግር ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳ።

«ሁለት መንገድ አለ» አሉኝ። «አንደኛው፣ በብሽሽትዎ በኩል በደም ሥር ቀጭን ሽቦ እናስገባለን። ሽቦው ልብ ድረስ ይሄድና የተሳሳተ መልእክት የሚልከውን ቦታ እናቃጥለዋለን።»

«ታቃጥሉታላችሁ?»

«በትንሽ በትንሹ። ሁለተኛው፣ ደረትዎን ከፍተን ልብዎ ላይ መስመር መስመር ጠባሳ እንሠራለን። ኤሌክትሪኩ ጠባሳ መሻገር ስለማይችል፣ በተሰመረለት መንገድ ብቻ ይሄዳል።»

«ትከፍቱታላችሁ?»

«እንዘጋዋለን ደግሞ» አሉኝ ፈገግ ብለው።

«የትኛው ይሻላል ታዲያ?»

«ሁለቱም የራሳቸው ጥሩ ጎን አላቸው።»

እናንተዬ፣ ከዚህ የባሰ መርዶ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሽቦው ቀለል ያለ ነው፤ ቶሎ ያስነሳል፤ ግን አንዳንዴ መድገም ይመጣል። ደረት መክፈቱ ከባድ ነው፤ ብዙ ያስተኛል፤ ግን ጠንከር ያለ ነው። ለእኔ ሁለቱም ይሆናሉ። «ከቤተሰብ ጋር ተማክረው ምርጫዎን ይዘው ይምጡ» አሉኝ። «ብቻ አይዘግዩ። ልብ እንዲህ ሲርበተበት ውስጡ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ደግሞ…» ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸውን አልወደድኩትም።

ጅማ፣ ጊንጆ ወደሚባለው ሰፈሬ ስመለስ መንደሩ ምክር ቤት ሆነ። ጎረቤቴ ከድር ልብስ ሰፊ ነው፤ ለአፉ ዳገት የለውም። «አስከፍተው!» አለኝ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ። «ስፌት ያለበት ነገር ይታመናል። ስትመለስ ብቅ በል፣ ስፌቱን እኔ አየዋለሁ።» ፀጉር አስተካካዩ «አስቃጥለው» አለ። ጧት ላቃጥል ብዬ እነሳለሁ፣ ከምሳ በኋላ ልክፈት እላለሁ፣ ማታ ሁለቱንም እተዋለሁ። ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይላሉ፤ እኔ አንዱም ላይ አልወጣሁም፤ ሥሩ ቁጭ ብዬ ቅጠል እቆጥር ነበር።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልግባ። ጆሮ ስጡኝ፤ ለሰው እንዳትነግሩ።

ቀጠሮው ሲደርስ ለሉባባ «ብቻዬን ሄጄ ምርጫዬን ነግሬ እመለሳለሁ» አልኳት። አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሰርቦን አለፍን። አሰንዳቦ ስንደርስ ግን እግሬ፣ ምሎ የተገዘተ ይመስል፣ ራሱ ተነስቶ ወረደ! ቦርሳዬም ተከተለኝ። መንገድ ዳር ታደለች የምትባል ከደቡብ የመጣች ደግ ሴት ሻይ ቤት አላት፤ እዚያ ገብቼ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱትን መኪኖች እየቆጠርኩ ዋልኩ። ከአሰንዳቦ ቀጥሎ ወልቂጤ፣ ከዚያ ወሊሶ እንደሚመጣ ለሰው ልጅ ሁሉ አስተምሬያለሁ፤ ራሴን ግን ማድረስ አቃተኝ። ማታ ቤቴ ተመለስኩና ለሉባባ «መንገድ ላይ ደወሉልኝ፤ ዶክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው» አልኳት። በዚህ አገር ከ«ስብሰባ ላይ ናቸው» በላይ የሚታመን ውሸት ካለ ጥሩልኝ!

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ቀጠሮ ደረሰ። ሰርቦ… አሰንዳቦ… ታደለች።

«ጋሼ፣ ዛሬም ዶክተሩ የሉም?» አለችኝ ሻዩን እያስቀመጠች።

«የሉም እህቴ።»

«ምነው፣ አመማቸው እንዴ? በሉ ስማቸውን ባላውቅም ቸርች በጸሎት እንይዛቸዋለን።»

አፈርኩ፤ ግን ሻዬን ጠጣሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን እያደር ከበደኝ። ማታ ማታ ጋደም ስል ልቤ ሲደነባበር እሰማዋለሁ፤ ዶክተሩ ያልጨረሱት ዓረፍተ ነገር ይመጣብኛል። ሉባባ አጠገቤ እፎይ ብላ ተኝታለች። ስለምታምነኝ ነዋ የምትተኛው።

ሦስተኛው ቀጠሮ ሐሙስ ነበር። ሰኞ ዕለት ሉባባ፣ የቡ ከተማ ለምትኖረው አክስቴ ስልክ ደወለች። አክስቴ ፋጡማ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ በኦሮምኛ ወግ አዳዳ እላታለሁ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሉባባ ደግሞ የወሎ ልጅ ናት። ኦሮምኛዋ ከገበያ የተለቀመ ነው፤ ሽንኩርት ትገዛበታለች፣ ትከራከርበታለች፣ ታስቅበታለች፤ መርዶ ግን ነግራበት አታውቅም። ቢሆንም አክስቴን ለማክበር ብላ ነገሩን በኦሮምኛ ልታስረዳት ቆርጣ ተነሳች። «ልብ» የሚለው ቃል ጠፋት። ግን «ልቡ»ን የሚመስል ቃል ከሰው አፍ ሰምታለች…

«ዶክተርቺ ሉቡ ኢሳ ጉቡ በርባደ!» አለቻት።

ኦሮምኛ የምታውቁ ሳቃችሁን ያዙልኝ። ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ልብ በኦሮምኛ ኦኔ ነው። ሉቡ ማለት ነፍስ ነው! ሉባባዬ ያለችው እንግዲህ «ዶክተሩ ነፍሱን ሊያቃጥላት ይፈልጋል» ነው። «ዱአ አድርጉለት» የሚለውን ግን አጥርታ ተናገረች። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሆነ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ጧት በር ተንኳኳ። ስከፍት አዳዳ ፋጡማ፣ አጎቴ ሐጂ ነስሩና ሌሎች አራት ዘመዶች አንድ ጀሪካን ማር ይዘው ቆመዋል። ሰላምታ የለ፣ ሳቅ የለ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ዱአው ረዘመ። አንዱ ዘመዴ አለቀሰ። «እንዴት ቢወዱኝ ነው!» ብዬ ልቤ ተነካ፤ እሱም ባልተጠየቀበት ሁለት ጊዜ ዘለለ።

ከዚያ አዳዳ አጠገቧ አስቀመጠችኝና እንደ ጅማ ሰው ወግ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ትጠይቀኝ ገባች።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ማል ጎቴ? ምን አድርገህ ነው?»

«ምንም አላደረግኩም አዳዳ። ዝም ብሎ የመጣ ነው።»

«ዝም ብሎ አይመጣም!»

«ዶክተሩ በዕድሜ ይመጣል ነው የሚሉት።»

«በዕድሜማ ይበዛል…» አሉ ሐጂ ነስሩ መሬት መሬት እያዩ። «እነሱ ግን በምን አወቁ?»

«በማሽን ነዋ። የሠራው ሁሉ እየተጻፈ ይወጣል።»

«እየተጻፈ!» አለች አዳዳ ደረቷን ይዛ። «ይህን የሚጽፉ መላኢኮች ብቻ አልነበሩም እንዴ?»

ወረቀቱን አምጥቼ ዘረጋሁላቸው፤ ወጣ ገባ የሚል ረጅም መስመር። ሐጂ ነስሩ ቁርኣን ሲቀሩ፣ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከቀኝ ወደ ግራ በጥንቃቄ ሄዱበት። ሲጨርሱ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ማንበብ አልቻልኩም» አሉ። «ግን ብዙ ነው።»

«አስተግፊሩላህ» አለ ቤቱ ሁሉ።

ይሄኔ ከድር በሩን በርግዶ ገባ። ለካ ውጭ ሆኖ ከአንዱ ዘመዴ «ነፍሱ ልትቃጠል ነው» የሚለውን ሰምቷል። እግሬ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ተማም፣ ሐላል በለኝ፣ ይቅር በለኝ!» አለኝ። «የዛሬ ስምንት ዓመት የሰፋሁልህ ኮት… እጅጌው አንዱ አጭር ነው። ትከሻህ ጠማማ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው! ትከሻህ ደህና ነው!»

ስምንት ዓመት! ስምንት ዓመት ሙሉ ትከሻዬን ላቃና ብዬ ወደ ግራ ተንጋድጄ ስሄድ ኖሬያለሁ እኮ! ተማሪዎቼ «ጋሽ ሰያፍ» የሚሉኝ በዚህ ሰው የተነሳ ነው። አፌን ስከፍት አዳዳ እጄን ጨበጠችኝ።

«አየህ፣ ሰው ሁሉ ሸክሙን እያራገፈ ነው» አለችኝ። «አንተም የደበቅከው ካለ ከእሳቱ በፊት አውጣው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያወቁብኝ መሰለኝ። ሁሉም ያዩኛል። የሉባባ ዓይን አለ፣ የሐጂ ነስሩ ፂም አለ፣ ደረቴ ውስጥ ደግሞ ያቺ ዶሮ…

«እሺ!» አልኩ። «አሰንዳቦ ነው!»

«አሰንዳቦ ምን አለ?» አለች ሉባባ ቀስ ብላ።

«ሁለት ጊዜ ነው የወረድኩት። አዲስ አበባ እሄዳለሁ እያልኩሽ… እዚያ ነበር የምውለው።»

«ስሟ ማን ነው?»

«የማን?»

«የሴትዮዋ!»

«ታደለች» አልኩ፤ እንደ ሞኝ።

ቤቱ ተናወጠ! ሐጂ ነስሩ ላይ ላዩን ተቆጡ፤ ነገር ግን «ኒካሕ አስረሃል ወይስ አላሰርክም?» ብለው ሲጠይቁኝ ዓይናቸው ላይ ትንሽ ጉጉት አይቻለሁ። ሉባባ ነጠላዋን አነሳች። ከድር ኮቱ ተረስቶለት እፎይ አለ።

«ሻይ ነው የጠጣሁት!» ብዬ ጮህኩ። «ሻይ! ዶክተሩ ጋ መድረስ ፈርቼ ነው! ኦኔን ኮ፣ ልቤ እንዳይቃጠል ፈርቼ!»

አዳዳ ፋጡማ እጇን አነሳች።

«ቆይ… ምን አልክ? ኦኔ?»

«ኦኔ ነዋ! ታዲያ ምን መሰለሽ?»

አዳዳ ቀስ ብላ ወደ ሉባባ ዞረች። «ልጄ፣ በስልክ ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ሉቡ…» አለች ሉባባ። «ሉቡ ማለት ልቡ ማለት አይደለም እንዴ?»

እናንተዬ፣ አዳዳ ስትስቅ አይቻታለሁ፤ እንዲህ ስትስቅ ግን አላየኋትም። ወደ ኋላዋ ተጋድማ፣ እንባዋን በሻሿ እየጠረገች፣ «ያ ረቢ!» እያለች ጎኗን ያዘች። ሐጂ ነስሩ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «እኔስ ጽሑፍ አይመስልም ብዬ ነበር» አሉ። ከድር ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ እንዲህ ከሆነ፣ የኮቱ ነገር…»

«የኮቱ ነገር ተጽፏል!» አልኩት።

ሳቁ ሲሰክን አዳዳ እጄን አልለቀቀችም። «ኦኔማ ትቃጠላለች» አለችኝ። «አባትህ የሞተ ቀን የእኔ ተቃጥላለች። ማን ሽቦ አስገባላት? ይኸው አለሁ።» ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ፈርተህ ነው?»

«አዎ አዳዳ። በጣም ፈርቻለሁ።»

ይህችን ቃል እስከዚያች ደቂቃ ለማንም ብያት አላውቅም። የፈራሁት እሳቱን ብቻ አልነበረም፣ ቢላውንም ብቻ አልነበረም። መርጬ ብሳሳትና ሉባባን ብቻዋን ባስቀራት፣ ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኔ መሆኑን ነበር የፈራሁት። ይህንንም ነገርኳቸው። ሉባባ ነጠላዋን መልሳ አስቀመጠችና አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ክርኗን ጎኔ ውስጥ ሰካችብኝ፤ የጥላቻ እንዳልሆነ ግን አውቄዋለሁ።

አዳዳ ሁለቱን መንገድ እንዳስረዳት ጠየቀችኝና አስረዳኋት። ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር።

«ሽቦው እምቢ ቢል፣ ከዚያ ወዲያ ደረትህን መክፈት ይችላሉ?»

«ይችላሉ።»

«ታዲያ በሩን ሳይሞክር ግድግዳ የሚያፈርስ ማን አለ?»

አለቀ። እኔ ወራት ሙሉ ያሰላሁትን እሷ ማር እየላሰች ጨረሰችው! አስከትላም «ረቡዕ አብሬህ እሄዳለሁ» አለች። «አሰንዳቦ ላይ የሚወርደውን እግር ማየት እፈልጋለሁ።»

ረቡዕ አውቶቡስ ውስጥ መሀል አስቀመጡኝ፤ ሉባባ በመስኮት በኩል፣ አዳዳ በመተላለፊያው በኩል። አሰንዳቦ ሰው ለማውረድ ቆመ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንደሚባለው፣ እኔም እስክናልፍ ራሴን አላመንኩትም።

«አዳዳ፣ ሽንቴ መጥቷል» አልኩ።

«ወልቂጤ ላይ።»

«ወልቂጤማ ሩቅ ነው እኮ!»

«የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንክ ታውቀዋለህ» አለችና ክንዴን ጠበቅ አደረገችው። መኪናው ተነቃነቀ። አሰንዳቦ ወደ ኋላ ቀረች። እኔም፣ እዩት፣ አልሞትኩም።

ሐሙስ ዶክተሩ ፊት ቀረብን። ስብሰባ ላይ አልነበሩም።

«የትኛውን መረጡ ጋሽ ተማም?»

አፌን ሳልከፍት «በሩን!» አለች አዳዳ። ዶክተሩ ግራ ገባቸውና እኔ ተረጎምኩላቸው። ሳቁ።

«እኔም ለአባቴ ቢሆን ሽቦውን ነበር የማስቀድመው» አሉ።

«ታዲያ ያኔ ምነው ሳይነግሩኝ!»

«ያኔ ‹የትኛው ይሻላል› ብለው ነው የጠየቁኝ። ‹ለአባትዎ ቢሆን› ብለው አልጠየቁኝም።»

ይህችን ጥያቄ ቆርጣችሁ ኪሳችሁ ያዟት፤ አንድ ቀን ትጠቅማችኋለች።

በሳምንቱ አልጋው ላይ ተጋደምኩ። ነርሷ «አይዞዎት፣ ፈሩ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ!» አልኳት በሙሉ ድምፅ። አንዴ አፌን የፈታሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ማን ይከለክለኛል? ሳቀችና እጄን ያዘች። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አላስታውስም። ስነቃ ዶክተሩ ራስጌዬ ቆመዋል።

«ለጥቂት ወራት እየተከታተልን እናየዋለን» አሉኝ። «ለአሁኑ ግን ልብዎ ሥርዓት ይዟል።»

ካስተማርኳቸው ሁሉ ይህን ያህል ያስቸገረኝ ተማሪ አልነበረም። ጣቴን አንጓዬ ላይ አድርጌ ቆጠርኩት። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ… ሉባባም ሌላውን እጄን ይዛ ትቆጥር ነበር። ሁለታችንም አለቀስን፤ አዳዳ ግን «ልጅ አትሁኑ» ብላ ብርቱካን ላጠችልን።

ስንመለስ አሰንዳቦ ላይ፣ ሹፌሩ ሻይ አማረውና ቆመ። የት እንደቆመ ገምቱ! ሴቶቹ በሰላም እንድወርድ ፈቀዱልኝ። ገና እግሬ መሬት ሳይነካ ታደለች ትሪዋን እንደያዘች እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ! ዶክተሩ ተገኙ? በየሳምንቱ እኮ እየጸለይንላቸው ነው!»

ሉባባ አየችኝ። አዳዳም አየችኝ። የማመልጥበት ሌላ አውቶቡስ አልነበረም።

«ተገኙ እህቴ» አልኳት። «እሳቸውስ ድሮም እዚያው ነበሩ… የጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ታደለች ትሪውን ደረቷ ላይ አስደግፋ ትንሽ አሰበች።

«ኧረ ጌታ ይባረክ!» አለች። «እኛ ጸሎቱን በሰው ስም ስንልከው፣ እሱ ግን ለባለቤቱ አደረሰው!»